በሠንጠረዡ ጤናማ፣ በነርሷ ልኬት ከመጠን በላይ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤ የምኖረው ለንደን ሲሆን የባለቤቴ ወላጆች ከሕንድ፣ ከጉጃራት የመጡ ናቸው። ባለቤቴ ዕድሜው 41፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 70 ኪሎ ነው። በቅርቡ ለመደበኛ ምርመራ ሲሄድ ነርሷ ለደቡብ እስያ ተወላጅ ክብደቱ ከመጠን ያለፈ መሆኑንና የስኳር ምርመራ ማድረግ እንዳለበት ነገረችው። እኛ የምናውቀው ቢኤምአዩ፣ ማለትም ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ልኬቱ፣ ከ25 በታች የሆነ ሰው ጤናማ እንደሆነ ነው። እጅና እግሩ ቀጫጭን ነው፤ ሆዱ ብቻ ትንሽ ገፋ ብሏል። ነርሷ ተሳስታ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ነርሷ አልተሳሳተችም፤ ምርመራውም እንዳይዘገይ አጥብቀን እንመክራለን።

ቢኤምአይ የሚሰላው ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ በራሱ ለተባዛ የቁመት ልክ በሜትር በማካፈል ነው። የባለቤትዎ 24.2 ይመጣል። ቀመሩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያፈለቀው ቤልጅጋዊው አዶልፍ ኬትሌ ሲሆን፣ ዓላማውም የሕዝብን አማካይ ማጥናት እንጂ የአንድን ሰው ጤና መመርመር አልነበረም። ቀመሩ ክብደቱ ከጡንቻ ይምጣ ከስብ፣ ስቡም የት እንደተከማቸ አይናገርም። የደቡብ እስያ ተወላጆች ጉዳይ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለት ሐኪሞች፣ በሕንድ የፑኔ ከተማው ቺታራንጃን ያጅኒክና የለንደኑ ጆን ዩድኪን፣ ጎን ለጎን የተነሡትን ፎቶግራፍ አውጥተው ነበር። የሁለቱም ቢኤምአይ 22.3 ሲሆን፣ የሰውነት ስባቸው ሲለካ ግን የዩድኪን 9.1 በመቶ፣ የያጅኒክ 21.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የቢኤምአይ ሠንጠረዥ አንድ ዓይነት ያደረጋቸው ሰዎች ከቆዳቸው ሥር የሰፊ ልዩነት ባለቤቶች ነበሩ።

ልዩነቱ የሚጀምረው ገና ከማሕፀን ይመስላል፤ በፑኔ አካባቢ የተወለዱ ሕፃናት በእንግሊዝ ከተወለዱት በክብደትም በጡንቻም አንሰው ሳለ፣ ከቆዳቸው ሥር ያለው ስብ ግን የዚያኑ ያህል አላነሰም። በአዋቂነት ጊዜ ስቡ በሆድ ዕቃ ውስጥና በጉበት ላይ ሲከማች ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል፤ ከደም ውስጥ ስኳርን በብዛት የሚወስደው ጡንቻም አነስተኛ በመሆኑ፣ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ወፍራም በማይባል ሰው ላይ በለጋ ዕድሜም ጭምር ይከሰታል። እርስዎ የገለጹት፣ እጅና እግር ቀጥኖ ሆድ የመግፋት ነገር፣ ሐኪሞች በብዛት የሚያዩት የዚህ ምልክት ነው።

በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ጉባኤ 25ና 30 የሚሉትን ዓለም አቀፍ ወሰኖች ሳይሽር፣ ለእስያ ሕዝቦች 23ና 27.5 እርምጃ የሚወሰድባቸው ነጥቦች እንዲሆኑ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትሟል። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ መመሪያ አውጪ ተቋምም ለደቡብ እስያ ተወላጆች ከ23 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ27.5 ጀምሮ ደግሞ ውፍረት ብሎ ይመድባል። በዚያው አገር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ነጮች በ30 ቢኤምአይ ላይ የሚገጥማቸውን የስኳር በሽታ ስጋት ደቡብ እስያውያን በ23.9 ላይ እንደሚደርሱበት አሳይቷል። ናይስ እነዚህኑ ዝቅ ያሉ ወሰኖች ለጥቁር አፍሪካውያንም ስለሚጠቀም፣ የራስዎንም ልኬት ቢያዩት መልካም ነው።

አሁን ሜትር ያንሡና የባለቤትዎን ወገብ ይለኩ። የሱሪ ቁጥር አያገለግልም፤ ሱሪ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው ከገፋው ሆድ በታች ነውና። ትክክለኛው ቦታ ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል ነው፤ ሆድን ሳይስቡ፣ አየር በቀስታ ካስወጡ በኋላ ይለካል። ለደቡብ እስያ ወንዶች 90፣ ለሴቶች 80 ሴንቲሜትር የስጋት መነሻ ነው። ወገብ ከቁመት ግማሽ ማነስ አለበት የሚለው መለኪያ ደግሞ ጠበቅ ያለ ሲሆን፣ ለባለቤትዎ ከ85 ሴንቲሜትር በታች ማለት ነው።

በእርሳቸው ቁመት ቢኤምአይ 23 ላይ የሚያርፈው ክብደት 66.5 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ የሚቀነሰው ብዙ አይደለም። በረሃብ መቀነስ ግን ያለውን ጥቂት ጡንቻ ስለሚያሳጣ አንመክረውም። በሕንድ በስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የነበሩ 531 ሰዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመው ጥናት፣ አመጋገባቸውን ያስተካከሉና አዘውትረው የተንቀሳቀሱ ሰዎች ክብደታቸው ብዙም ሳይቀንስ ወደ በሽታው የመሸጋገር ስጋታቸው በ28.5 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። ስለዚህ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞንና ጡንቻን የሚያጠናክር እንቅስቃሴን ያስቀድሙ።

ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ልኬት አብረው ይደረጉ። የስኳሩ ውጤት ደህና ከሆነም፣ ምርመራው መቼ መደገም እንዳለበት ሐኪሙን ጠይቀው ቀኑን ይያዙ። ልጆች ካሏችሁ ግን እነዚህ ወሰኖች ለአዋቂዎች ብቻ የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ የእነርሱ ክብደት በዕድሜና በፆታ በተዘጋጀ የዕድገት ሠንጠረዥ ይታይ።