መልስ፦ ደቢያን 13 ላይ ፒፕ አልጭንም ሲል

ደቢያን 13 (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ፒፕ፣ ማለትም የፓይተን ላይብረሪዎችን የሚጭነው መሣሪያ፣ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» ብሎ አልጭንም እንዳለህ፣ ከደቢያን 12 ያመጣኸው ቬንቭም (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተለየ የፓይተን ቦታ) አልነሳ እንዳለህ ጠይቀሃል። ፒፕህ አልተበላሸም። «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» (በሌላ መሣሪያ የሚተዳደር) የሚለው ኤረር ሆን ተብሎ የገባ ነው፤ ከደቢያን 12 ጀምሮ የሲስተሙን ፓይተን የሚያስተዳድረው አፕት (የደቢያን የፕሮግራም መጫኛ) ስለሆነ ፒፕ እንዲነካው አይፈቀድለትም። ለፕሮጀክትህ የራሱን ቬንቭ ፍጠርለት፦

1. ፓይተን3-ቬንቭ የሚባለውን ፓኬጅ በአፕት ጫን። ደቢያን ለብቻው ነው የሚያቀርበው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል።
2. ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ገብተህ በፓይተን3 የቬንቭ ሞጁል አዲስ ቬንቭ ፍጠር።
3. ቬንቩ ውስጥ፣ ቢን ፎልደር ላይ ያለውን አክቲቬት ፋይል በሶርስ ትዕዛዝ አስነሳ። የተርሚናሉ መስመር መጀመሪያ ላይ የቬንቩ ስም በቅንፍ ከታየህ ገብተሃል። አሁን ያለ ሱዶ (ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው) በፒፕ ጫን።

ከ12 ይዘኸው የመጣኸው ቬንቭ አልነሳ ያለህ ደግሞ ደቢያን 12 ፓይተን 3.11 ስለነበረው፣ 13 ደግሞ 3.13 ስለያዘ ነው። ለመጠገን አትልፋ። ቬንቩን ብቻ አጥፋና አዲሱ ላይ ከሪኳየርመንትስ ፋይልህ (ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች ዝርዝር) መልሰህ ጫን።

አደራ፣ ኤረሩ ራሱ የሚጠቁምህን «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚለውን አማራጭ ከሱዶ ጋር እንዳትጠቀም። የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ ውጤቱን አይቻለሁ፦ ለጊዜው ሠራለት፤ ቆይቶ ግን ፒፕ ያስገባው ላይብረሪ የአፕቱን ሸፈነውና በፓይተን የተጻፉ የሲስተሙ መሣሪያዎች አንድ በአንድ መውደቅ ጀመሩ። ሲከሰት ደግሞ መንስኤው ቶሎ አይታይም፤ ሰው አፕትን ሲወቅስ ይውላል።

ከፕሮጀክት ውጪ ሁልጊዜ የምትጠቀምበት የፓይተን ፕሮግራም ካለህ ፒፕኤክስን (እያንዳንዱን ፕሮግራም በራሱ ቬንቭ የሚጭን መሣሪያ) በአፕት ጭነህ በእሱ አስገባው።