ስለ ደባርቁ ባለ መድኃኒት ቤት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ አንድ አዛውንት ጽፌ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከጎንደር ወደ ምሥራቅ ግንባር ዘምተው በድሬሰርነት ያገለገሉ፣ ዛሬ በደባርቅ ከተማ አነስተኛ መድኃኒት ቤት ያላቸው፣ የዕረፍት ጊዜያቸውን ደግሞ በሰሜን ተራሮች በእግር በመጓዝ የሚያሳልፉ ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈቀዱ ያን ጊዜም አልጠቀስሁም፤ ዛሬም ደንበኞቻቸው እንደሚጠሯቸው «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ጽሑፉን ያነበባችሁ ብዙ ጥያቄ ስለላካችሁልኝ፣ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ሕክምናን የሚመለከቱትን ከእሳቸውና ከሐኪም ጋር ተነጋግሬባቸው እንደሚከተለው መልሻለሁ።

«የዘመተ ሚሊሺያ እንዴት ባለ መድኃኒት ቤት ሊሆን ቻለ? ፈቃዱንስ በምን አገኙ?» (ከአዘዞ)

ጋሼ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሲገቡ ዐሥረኛ ክፍል የደረሱ ወጣት ስለነበሩ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው በሚፈለግበት በሕክምናው ክፍል ተመደቡ። ቁስል ማጠብና በፋሻ ማሰር፣ ደም ማቆም፣ የተሰበረ አጥንትን በእንጨት ደግፎ ማሰር፣ የመስታወት ሲሪንጅ ቀቅሎ መርፌ መውጋት በጥቂት ሳምንታት ተምረው ወደ ግንባር ተላኩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ሲበሠር፣ እሳቸው ቁስለኛ ወደ ኋላ ከሚያመላልሱት መኪናዎች በአንዱ ላይ ነበሩ። ከዚያም በሠራዊቱ ውስጥ በጤና ረዳትነት ሠልጥነው፣ ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. እስኪበተን ድረስ በተለያዩ ጦር ሰፈሮች ሠርተዋል።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ በአገራችን የመድኃኒት ችርቻሮ ለረጅም ጊዜ በሦስት ደረጃ ተከፍሎ መቆየቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በፋርማሲስት የሚመራው ፋርማሲ፣ በድራጊስት ወይም በፋርማሲ ቴክኒሻን የሚመራው የመድኃኒት መደብር፣ እንዲሁም እንደ ጤና ረዳት ያለ ባለሙያ የሚከፍተውና የተወሰኑ መድኃኒቶችን ብቻ እንዲይዝ የሚፈቀድለት የገጠር መድኃኒት ቤት ናቸው። ጋሼ በመጨረሻው ደረጃ ጀምረው፣ በኋላ የድራጊስትነት ትምህርት ጨርሰው ወደ መደብር አሳድገውታል። ብዙ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ሙያ በእጃቸው ሳይኖር ወደ ቀያቸው ሲመለሱ ምን ያህል እንደተቸገሩ የሚያስታውስ ሁሉ፣ ያቺ የጤና ረዳትነት ወረቀት ለእኚህ ሰው ምን እንደነበረች ይረዳል።

ከጦር ሜዳ ወደ መድኃኒት ቤት የተሻገረ አንድ ልማድ አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝም እሱ ነው። ግንባር ላይ የቁስለኛ እግር ወይም ክንድ ደሙ እንዲቆም ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ የታሰረበት ሰዓት በቁስለኛው ግንባር ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ ሰዓቱ ካልታወቀ አካሉ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላልና። ጋሼ ዛሬም መድኃኒት ሲሰጡ የመጀመሪያው ክኒን የሚዋጥበትን ሰዓት በካርቶኑ ላይ ሳይጽፉ አያስረክቡም፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ይሥላሉ። ጤና ጣቢያ ተመርምሮ ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት የተሰጠው ሰው አወሳሰዱ ግራ ገብቶት ሲመጣ፣ የመጀመሪያውን ጠዋት 2 ሰዓት ከወሰደ ሁለተኛውን ከስምንት ሰዓት በኋላ ማለትም 10 ሰዓት ላይ፣ ከዚያም በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ እንዲወስድ፣ ሁልጊዜም ወተት ወይም ቅባት ያለው ምግብ እንዲያስቀድም በካርቶኑ ጀርባ ጽፈው ይሰጡታል። ስድስቱን ጊዜ ሳይጨርስ «ተሽሎኛል» ብሎ የሚያቆም ሰው ወባው ሊያገረሽበት እንደሚችልም ደጋግመው ይነግሩታል።

«በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ እማራለሁ። ዲግሪ የያዘ ባለሙያ ከእሳቸው ምን ሊማር ይችላል?» (ከማራኪ)

«የለም» ማለትን። አንድ ማለዳ ከመደርደሪያቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ አንዲት እናት ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን አዝላ ገብታ አሞክሳሲሊን እንዲሰጧት ጠየቀች። ጋሼ ከጀርባዋ እንድታወርደው አድርገው ዓይኑን አዩት፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት፣ ጡት እየጠባ መሆኑንና በሰገራው ደም መኖር አለመኖሩን ጠየቋት። ከዚያ አንድ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ አንሥተው ኦ.አር.ኤስ.ን እንዴት እንደምትበጠብጠው አሳዩአት፦ አንዱ ከረጢት ሙሉው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል፣ ለሕፃኑ በማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። ዚንክም ጨምረው፣ ተቅማጡ ቢቆምም ክኒኑን እስከ ዐሥረኛው ቀን እንድትቀጥል ነገሯት። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካየች ግን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንድትወስደው አስጠነቀቋት።

አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አንቲባዮቲክ አይጠቅመውም፤ ያለ አግባብ በተወሰደ ቁጥር ግን ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እየለመዱ፣ በእርግጥ በሚያስፈልግበት ቀን ሳይሠራ ይቀራል። ይህን ከመምህራኖችሽ እንደሰማሽ አልጠራጠርም። ጋሼ የሚጨምሩልሽ፣ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚጠይቅ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ከመካከላቸውም ተቆጥቶ ወደ ሌላ ቤት የሚሄደው ስንቱ እንደሆነ አይተሽ፣ ገንዘቡን እያጡ ፊታቸው ሳይጠቁር እንዴት እንደሚመልሱት ነው። ያንቺ ትምህርት ቤት ሥር የሆነው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ዋናው ዓላማው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ወደ ገጠር ማውጣት ነበር። በትናንሽ ከተሞች መሥራትን እንደ ቅጣት ለሚያዩ የዘመኑ ተመራቂዎች ይህን ታሪክ በቅንነት አስታውሳለሁ።

«ጫካና ተራራ የሚወዱ ከሆነ አዳኝ ነበሩ ማለት ነው?» (ከፒያሳ)

አይደሉም። የሩቅ ማያ መነጽርና ከዘራ ብቻ ይዘው ነው የሚወጡት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እሳቸው ካራማራን ባዩበት በዚያው በ1970 ዓ.ም. ነው። ዋልያን ማደን ከዚያም በፊት የተከለከለ ነበር። ፓርኩ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ መቆየቱን ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጣል።

«ወንድሜ ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ከተመለሰ ጀምሮ ትኩሳቱ ወር አልፎታል። ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወስዶ አልተሻለውም፤ ከስቷል፣ ሆዱም በግራ በኩል አብጧል። ጋሼ ለዚህ የሚሰጡት ነገር አለ?» (ከዳባት)

የለም፤ ይህን ቃል ሳታነብ አትለፍ። ወንድምህን ነገ ዛሬ ሳትል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይዘኸው ሂድ። የጻፍኸው ሁሉ ካላ አዛርን ያስጠረጥራል፤ መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ምርመራ ነው።

ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከቢምቢ በእጅጉ የምታንስ ነፍሳት ናት። በመተማና በሑመራ ቆላ፣ በዋልካው መሬት ስንጥቅ ውስጥና በግራር ዛፎች ሥር ትኖራለች፤ ከመሸ በኋላ እየወጣች በእርሻው ዳር ሜዳ ላይ የሚያድረውን ሠራተኛ ትነክሳለች። በሽታው ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ስለሚያጠቃ ሰውየው ደሙ ያንሳል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፣ አንዳንዴም ይነስራል። ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል። ሕክምናው በሆስፒታል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ለ17 ቀናት የሚሰጥ የሁለት ዓይነት መርፌ ነው፤ ከማንኛውም መድኃኒት ቤት ተገዝቶ የሚወሰድ ነገር የለውም። ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ያለበት ሰው ሕክምናው ስለሚለይ ያንን ምርመራም ያደርጉለታል፤ እንዳይደነግጥ አስቀድመህ ንገረው።

ከደጋ ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርደው ወጣት በየዓመቱ ብዙ ነው፤ ሲመለስ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያንኳኳው የቅርቡን መድኃኒት ቤት ነው። ጋሼ ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣ «ምን ያምሃል?» ከማለታቸው በፊት «የት ከርመህ መጣህ?» ይሉታል። ቆላ ከርሞ ከሆነና ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከመደርደሪያቸው አንዲት ፍሬ ክኒን አያወርዱለትም፤ የሚሄድበትን ሆስፒታል ጽፈው፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ያጠረው ሲሆን ከኪሳቸው ጨምረው ይሸኙታል። ፓራሲታሞል እየዋጡ መሰንበት ስንት ሰው እንደወሰደ እያወቁ ዝም የሚሉ ሻጮች መኖራቸው እጅግ ያሳዝነኛል። የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ሲደርስም፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ሳይዝ ማንም ወደዚያ እንዳይወርድ አደራ።

«እናቴን ሰሜን ተራሮችን ላሳያት አስቤአለሁ። ጋሼ ምን ይመክራሉ?» (ከአራዳ)

በቅድሚያ የመንገዱን ደኅንነት ከአካባቢው ሰዎች አጣሩ። ከዚያ ከፍታውን አስቡበት። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በፓርኩ ውስጥ ካሉት ማደሪያ ሰፈሮች ሳንቃበር ከ3,200፣ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር ያልፋሉ። ጋሼ የሚሉት አንድ ሌሊት ደባርቅ እደሩ፣ በሚቀጥለው ቀን ሳንቃበር ደርሳችሁ ከዚያ አትለፉ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንት ማታው ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ መልካም ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራት እዚያው ያለችበት ትረፍ፤ ካልተሻላት ውረዱ። ተቀምጣ ሳለች ትንፋሽ ካጠራት ወይም ስትራመድ ከተንገዳገደች ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ መውረድ አለባችሁ። ዳያሞክስ የሚባለው መድኃኒት የከፍታ ሕመም መከላከያ ቢሆንም፣ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሐኪሟን ሳትጠይቁ አትስጧት። ጉዞው ከተሳካ ግን ጠዋት በጓሳው ላይ ተቀምጦ ሥር የሚነቅለውን የጭላዳ መንጋ፣ በገደሉ አፋፍ የቆመውንም ጅብራ የተባለ ረጅም ተክል ሳታሳያት እንዳትመለስ።

«አባቴ አሁንም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣል። ጉዳት አለው ወይ?» (ከኮላድባ)

ኮሶ ትሉን ማስወጣቱ እውነት ነው፤ አባቶቻችን ያለ ምክንያት አልያዙትም። ችግሩ መጠኑ ነው፦ ከበዛ ሆድን ያውካል፣ ያዝላል፣ ዓይንንም እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል። ጋሼ የአገሩን መድኃኒት አይንቁም፤ የአክሊሉ ለማን ታሪክ ለወጣቶች ማጫወት ይወዳሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1950ዎቹ መጨረሻ አድዋ ላይ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ ከታች በኩል በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ መቆጣጠሪያ ያገኙት። አባትዎ ግን ሰገራቸውን አስመርምረው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ቢወስዱ ያለ ስቃይ ይድናሉ፤ ጥሬ ሥጋውን ካልተዉ ደግሞ ትሉ ተመልሶ ይመጣል።

«ስለ ጦርነቱ ራሱ ምንም አልጻፍህም። አይናገሩም እንዴ?» (ከበርካታ አንባቢዎች)

ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ ውኃ ጥምና ስለ ቅማል ነው። ተስቦንም ግርሻንም የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል በመሆኑ፣ የአንድ ቡድን ልብስ በበርሜል ቀቅለው ያደሩበትን ሌሊት ከየትኛውም ውጊያ አስበልጠው ያነሡታል። የወደቁ ጓዶቻቸውን ስም የሚጠሩት ለተዝካራቸው ብቻ ስለሆነ፣ ያንን አልጠየቅኋቸውም።

«መተማ ዮሐንስ ነው የምንኖረው። እናታችን ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ማቀዝቀዣ የለንም።» (ከመተማ)

ይህን ጥያቄ ለጋሼ ሳነብላቸው ወዲያው ያነሡት የኦጋዴኑን ኮዳ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሲሰቅሉት ውኃው ይቀዘቅዝ ነበር። ለኢንሱሊንም የሚሠራው ይኸው ነው። ሁለት የሸክላ ዕቃ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ፣ ፈልጉ፤ በመካከላቸው አሸዋ ሙሉና ጠዋትና ማታ ውኃ አርከፍክፉበት። ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልላችሁ በውስጠኛው ዕቃ ካስቀመጣችሁ በኋላ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ክደኑት፤ ዕቃውም ፀሐይ የማይደርስበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይሁን። በበረዶ ላይ ፈጽሞ አታስቀምጡት፤ አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም። የተከፈተ ብልቃጥ ከአራት ሳምንት በኋላ ይጣላል፤ በቆላ ሙቀት ደግሞ ቀድሞ ሊበላሽ ስለሚችል፣ የተለመደውን መጠን እየወሰደች ስኳሯ ከፍ ካለ ቀኑ ሳይደርስም ለውጡት። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ፣ ደፍራሳው ዓይነት ደግሞ በመዳፍ ቀስ ብሎ ሲንከባለል የማይዋሐድ ጓል ካሳየ አትውጉት። የሦስት ወር ባንድ ጊዜ አትግዙ፤ ወደ ጎንደር የሚመላለስ የምታምኑት ሰው ካለ በየወሩ የወሩን ብቻ ያምጣላችሁ፣ የተከፈተበትንም ቀን በብልቃጡ ላይ ጻፉ።