የሐር ሃኦሪ አለባበስ፣ ይልቁንም እጥበቱ

ውድ እህቴ፣ ኪዮቶ ውስጥ በየወሩ በ21ኛው ቀን በቶጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ከሚቆመው ገበያ ያገለገለ ጥቁር የሐር ሃኦሪ (ኪሞኖ በተባለው የጃፓን ባህላዊ ልብስ ላይ የሚደረብ ካባ) መግዛትሽን ገልጸሽ፣ በሱሪ ላይ ይደረብ እንደሆነ፣ ለጃፓናዊት ባልደረባሽ ሠርግ ይሆን እንደሆነና የሣጥን ሽታው በምን እንደሚለቅ ጠይቀሻል። እኔም ቶክዮ ስኖር በዚሁ መንገድ ስላለፍሁ የማውቀውን እጽፍልሻለሁ።

1. ሃኦሪ ፊት ለፊቱ አይደራረብም። ከሥሩ የሚለበሰው ኪሞኖ የግራው በቀኙ ላይ ይደረባል፤ ተገላቢጦሹ የሬሳ አለባበስ ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ የነጠላ ጥለት ወደ ላይ ሲደረግ ሐዘን እንደሚታወቅ ሁሉ ጃፓኖች ወዲያው ያስተውሉታል። ሃኦሪ ግን ክፍቱን ይውላል፤ ሁለቱን ፊቶች የሚያገናኛቸው ደረት ላይ የሚታሰረው «ሂሞ» የተባለው ገመድ ብቻ ነው። ኮሌታውን ከማጅራትሽ ላይ በስፋቱ እኩሌታ ወደ ውጭ እጠፊው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ አለባበሱ ሁሉ ይበላሻል። በሱሪም በቀሚስም ላይ ያለ ሐሳብ ደርቢው።

2. የሴት መሆኑን ከብብቱ ሥር እዪ። በሴቶቹ ሃኦሪ እጅጌው ከብብት በታች ከአካሉ ጋር ሳይሰፋ ክፍት ይተዋል፤ የወንዶቹ ግን ተያይዞ ይሰፋል። ጀርባው ላይ አንድ ነጭ የቤተሰብ ምልክት ካለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እናቶች ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት ይለብሱት የነበረው ዓይነት ነው፤ በርካሽ የሚገኘውም ብዙዎቹ ቤቶች ስላስቀመጡት ነው። ለሠርጉ ግን አይሆንም፤ ሴቶች በከፍተኛው የክብር ኪሞኖ ላይ ሃኦሪ አይደርቡም፣ አምስት ምልክት ያለበት ጥቁር ሃኦሪም የሙሽራው ልብስ ነው።

3. ሽታውን በተመለከተ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለሰፈር ላውንደሪ አትስጪ። እኔ ቺሪመን ከሚባለው ሸካራ ሐር የተሠራ ሃኦሪዬን ወስጄ፣ ሐር መሆኑንና ውኃ ሊነካው እንደማይገባ በጃፓንኛ አስረድቼ፣ ተቀባይዋም «እናውቃለን» ብላኝ ነበር። የቺሪመን ማግ እጅግ ተከርሮ የሚሸመን ስለሆነ ውኃ ሲያገኘው ይሰበሰባል፤ ገበሩ ግን ሌላ ሐር ስለሆነ እኩል አያጥርም። ስረከበው እጅጌው ወደ ክርኔ ተጠግቶ፣ ገበሩ ከጠርዙ በታች ወርዶ አገኘሁት። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ደረሰኙ ላይ መፈረሜን ጠቅሶ፣ የውጭ አገር ሰው የኪሞኖ ጨርቅ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ የመለሰልኝም የእጥበቱን ዋጋ ብቻ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ስለ ጨርቁ ቀድሜ የነገርኋቸው እኔ ነበርሁና።

ያዳነኝ ሺካይያ የሚባለው፣ የኪሞኖ ጥገናና እጥበት የሚያስተናግደው ባለሙያ ነው። ኪሞኖና ሃኦሪ ስፋቱ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ አንድ ጥቅል ጨርቅ በቀጥታ እየተቆረጡ ስለሚሰፉ ተፈትተው እንደገና ሊገጠሙ ይችላሉ፤ እርሱም ስፌቱን ፈትቶ፣ ጨርቁን በእንፋሎት ወጥሮ መልሶ ሰፋው። የከፈልሁት ሃኦሪው ራሱ ከተገዛበት እጅግ ይበልጣል፤ ቢሆንም ዛሬ ያንን ሃኦሪ ለብሼ ስወጣ ጃፓናውያን ወይዛዝርት ሂሞዬን ማን እንዳሰረልኝ ይጠይቁኛል፣ እኔ ራሴ መሆኔንም በኩራት እመልሳለሁ።

ስለዚህ ያንቺን ደረቅ ቀን ጠብቀሽ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ስቀዪው፤ ፀሐይ ቀለሙን ያነጣዋልና ከመስኮት አርቂው፣ ሽቶም አትርጪበት። ሽታው ካልለቀቀ ሺካይያ ፈልጊ። የቆዩ ሃኦሪዎች እጅጌያቸው አጭር ነው፤ ክንድሽን ወደ ጎን ዘርግተሽ ከማጅራትሽ አጥንት እስከ እጅሽ አንጓ ያለውን ለክተሽ፣ ትከሻው ስፌት ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ መኖሩንም ዐይተሽ ጻፊልኝ፤ ይረዝም እንደሆነ እነግርሻለሁ።