«ቶም ኤንድ ጄሪ አሁን ለምን አላሳቀኝም?» ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ ከልጅሽ ጋር ቁጭ ብለሽ የድሮውን ቶም ኤንድ ጄሪ፣ የድመቱንና የአይጡን የካርቱን ፊልም፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታዪ እሱ በሳቅ ሲንከባለል ለአንቺ ግን ድብደባው ብቻ እንደታየሽ ጽፈሽ፣ «እኔ ነኝ የተለወጥኩት ወይስ ድሮም ባዶ ነበር?» ብለሻል። ባዶስ አልነበረም። እዚህ ደብረ ማርቆስ ክረምቱን ዝናቡ ከቤት ሲያስቀረን ከእህቴ ልጆች ጋር ስናይ ነው የከረምነው። ከልጅነቴ የበለጠ እስቃለሁ፤ የምስቅበት ቦታ ግን ሌላ ሆኗል።

ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ከ1940 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው የፊልም ኩባንያ ለኤምጂኤም የሠሯቸው 114 አጫጭር ፊልሞች ለሕፃናት ብቻ የታሰቡ አልነበሩም። ሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም በፊት ትልቁም ትንሹም የሚያያቸው ነበሩ። ያውም አንድ አንድ፣ ሰባት ደቂቃ ገደማ። በተከታታይ ሲታዩ ድብደባው እርስ በርሱ ይደራረብና ቀልዱን ይውጠዋል፤ አንቺንም የሰለቸሽ እሱ ይመስለኛል።

እስቲ ዛሬ ማታ አንዱን ብቻ እዪ፤ በ1947 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ ኦስካር ያገኘውን «ዘ ካት ኮንሰርቶ»ን። ቶም ሽክ ብሎ መድረክ ላይ ይወጣና የሙዚቃ ደራሲውን የፍራንዝ ሊስትን የሃንጋሪ ራፕሶዲ ቁጥር 2 በፒያኖ መጫወት ይጀምራል። ጄሪ ለካ ፒያኖው ውስጥ ተኝቷል፤ ክሮቹን የሚመቱት የፒያኖው መዶሻዎች ከሥሩ እየተነሡ ያነጥሩታል። ከዚያ በኋላ ጠቡ ሁሉ የሚካሄደው ሙዚቃው ላይ ነው። አንድ ቦታ ጄሪ የፒያኖውን ቁልፎች አንሥቶ በምትካቸው የአይጥ ወጥመድ ያስቀምጣል። ልጅ ሳለሁ የምጠብቀው ወጥመዱ ጣቱን የሚይዝበትን ቅጽበት ነበር። አሁን ሳቄ የሚመጣው ከዚያ በፊት ነው፤ ጣቶቹ ወጥመዱን በግራም በቀኝም ለጥቂት እየሳቱት ሲያልፉ።

ያኔ ሁላችንም የጄሪ ወገን ነበርን። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ዓይኔ ቶም ላይ ነው፤ እሱ እኮ ሥራ ላይ ነው! ጉዱን ውስጥ ውስጡን ይዞ፣ ሕዝብ ፊት ክብሩን ሳያስነካ የጀመረውን ሊጨርስ ይታገላል። ልብሱ ተቦጫጭቆ፣ ጉልበቱ አልቆ ሲጨርስ ጭብጨባውን የሚወስደው ጄሪ ነው። ይሄ ለትልቅ ሰው የተቀመጠ ቀልድ ነው፤ ሰባት ዓመት ልጅ ከየት አምጥቶ ይረዳዋል?

ድምፁን እንዳትቀንሺ አደራ። የሙዚቃው ሰው ስኮት ብራድሊ ነው። በብዙዎቹ ፊልሞች ቶም አንድ ቃል አይናገርም፤ ርምጃውም ድንጋጤውም ተንኮሉም በኦርኬስትራው ነው የሚነገረው። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻው ከከበሮው ትንሽ ቢዘገይ ወዲያው እንደሚታወቅ ሁሉ፣ እዚህም ምቱ ቢስት ሳቁ ይጠፋ ነበር።

አንድ የሚያመኝ ነገር ግን አለ፣ አልደብቅሽም። በቀደሙት ፊልሞች ውስጥ ያለችው ጥቁር የቤት ሠራተኛ ከሞላ ጎደል እግሯ ብቻ ነው የሚታየው፤ አነጋገሯም ለመሳቂያ የተበጀ ነው። ፈንጂ ፈንድቶ ፊት ሲጠቁር በጥቁር ሰው መልክ የሚቀለድባቸውም አሉ። በኋላ በአንዳንድ ቅጂ ቆርጠዋቸዋል፣ ድምፅም ቀይረዋል። እኔ ሲመጣ አቆመውና ለልጆቹ በግልጽ እነግራቸዋለሁ፤ በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሰው እንዲህ ይሣቅበት እንደነበር፣ ነውር መሆኑንም። ትልቋ «ፊቷን ለምን አይሥሉትም?» ብላ ጠይቃኛለች።

የልጅሽን ዕድሜ አልጻፍሽም። ትንሽ ከሆነ በፒያኖው ጀምሪለት፤ ሠራተኛዋ ያለችባቸውን ደግሞ አብረሽው ካልሆንሽ አትክፈቺለት።