«ሃውስ» የየትኛው ቤት ስም ነው?

ጥያቄ፦ በመኪና ስንጓዝ ልጆቼ የሚከፍቱት ሙዚቃ ለእኔ ጆሮ ሁሉም አንድ ነው። እነሱ ግን አንዱን «ዲፕ ሃውስ»፣ ሌላውን «ጋራዥ»፣ ሌላውን «አማፒያኖ» እያሉ መንገዱን ሙሉ ይከራከራሉ። «ሃውስ» ቤት ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሙዚቃውን ከቤት ጋር ምን አገናኘው? ስሞቹስ እውነት የተለያየ ነገር ይጠራሉ ወይስ የነጋዴ ብልሃት ናቸው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ቤቱ ጭፈራ ቤት ነው። ሮበርት ዊሊያምስ የተባለ ሰው በ1977 (በዚህ መልስ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቺካጎ ከተማ፣ በሳውዝ ጄፈርሰን ጎዳና ቁጥር 206፣ «ዌርሃውስ» ማለትም «መጋዘኑ» የሚባል ጭፈራ ቤት ከፈተ፤ ሸክላ የሚያጫውትለትንም ፍራንኪ ናክልስ የተባለ ወጣት ዲጄ ከኒው ዮርክ አስመጣ። ደንበኞቹ በአብዛኛው ጥቁሮችና ላቲኖዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በሌላ መዝናኛ ቦታ እንደልባቸው መሆን የማይችሉ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅረኞች ነበሩ። ናክልስ ያጫውት የነበረው ዲስኮ፣ ሶል እና ከአውሮፓ የሚመጣውን የሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ) ሙዚቃ ነው፤ ዘፈኖቹ አዲስ ባይሆኑም አያያዙ ግን አዲስ ነበር። የቴፕ ክር እየቆረጠና እየቀጠለ ሰው የሚጨፍርበትን ክፍል ያስረዝመዋል፣ ኋላም በዘፈኑ ላይ የከበሮ ማሽን ምት ይደርብበታል።

በከተማው የነበረ «ኢምፖርትስ» የሚባል ሸክላ መሸጫ፣ ዌርሃውስ የሰሙትን ዘፈን ፍለጋ ለሚመጡ ደንበኞች እንዲቀል ብሎ፣ እዚያ የሚጫወቱትን ሸክላዎች የጭፈራ ቤቱን ስም ጽፎ ለይቶ ያስቀምጣቸው ጀመር፤ ጽሑፉም እያደር አጥሮ «ሃውስ» ብቻ ቀረ። ስሙ የመጣው ወጣቶች ሙዚቃውን በየመኖሪያ ቤታቸው ስለሠሩት ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን የፊተኛውን ታሪክ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ቃሉ በቺካጎ ወጣቶች አፍ የገባው፣ ቤት ውስጥ የተሠሩት ሸክላዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ነው። እንግዲህ «ሃውስ» ሲነሳ የአንድ ሱቅ መደርደሪያ ስም ነበር ማለት ነው፤ የልጆችዎን ክርክር ለመረዳት ይህን መያዝ ይጠቅማል።

ሙዚቃው ራሱን ችሎ እንዲወጣ ያደረገው ግን የዲስኮ መውደቅ ነው። ጁላይ 12 ቀን 1979 ስቲቭ ዳል የተባለ የቺካጎ ሬዲዮ አዘጋጅ፣ በኮሚስኪ ፓርክ የቤዝቦል ስታዲየም በሁለት ጨዋታዎች መካከል፣ ተመልካቹ ያመጣውን የዲስኮ ሸክላ ክምር በፈንጂ አጋየ፤ ሕዝቡ ሜዳውን ስለወረረው ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረ። በዕለቱ በስታዲየሙ አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራ የነበረው ጥቁር ወጣት ቪንስ ላውረንስ፣ ሰዉ ይዞት የመጣው ዲስኮ ብቻ ሳይሆን ጥቁሮች የዘፈኑት ማንኛውም ሸክላ እንደነበር ኋላ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ትላልቆቹ አሳታሚዎች ከዲስኮ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ቫዮሊንና ጥሩምባ የተሞላ ኦርኬስትራ የሚከፍልለት ሰውም ጠፋ። የቺካጎ ወጣቶች ኦርኬስትራውን በሮላንድ ኩባንያ የከበሮ ማሽኖችና በሲንተሳይዘር ተኩት። ይኸው ቪንስ ላውረንስ ከጄሲ ሳንደርስ ጋር በ1984 የሠራው «ኦን ኤንድ ኦን»፣ ብዙዎች የመጀመሪያው የሃውስ ሸክላ የሚሉት ነው። ናክልስ ሃውስን «የዲስኮ በቀል» ይለው የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ወደ ንዑስ ስሞቹ ስንመጣ፣ «ጋራዥ» እንደ «ሃውስ» ሁሉ የቦታ ስም ነው። ከ1977 እስከ 1987 በኒው ዮርክ፣ በኪንግ ጎዳና ቁጥር 84፣ ቀድሞ የመኪና ማቆሚያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ «ፓራዳይዝ ጋራዥ» የሚባል ጭፈራ ቤት ነበር፤ ዲጄው ላሪ ሌቫን ይወደው የነበረው፣ የወንጌል መዝሙር የሚመስል ድምፅ ያለበት ሞቅ ያለ ሙዚቃ በዚያው ስም ተጠራ። (የመኪና ጥገናን የሚያስታውሰን እኛን ብቻ ነው።) በ1990ዎቹ እንግሊዞች ይህንኑ አፍጥነውና ምቱን ሰባብረው የራሳቸውን «ጋራዥ» ስለሠሩ፣ ልጆችዎ ጋራዥ ሲሉ የየትኛውን አገር እንደሆነ ይጠይቋቸው።

«አሲድ» የሚባለው የሃውስ ዓይነት ግን ከመሣሪያ ነው የተወለደው። ሮላንድ «ቲቢ 303» የተባለውን ትንሽ ማሽን የሠራው ብቻቸውን ጊታር ለሚለማመዱ ሰዎች የቤዝ አጃቢ እንዲሆን ነበር፤ ገዢ ስላጣ በ1984 ማምረቱን አቆመ። ፊውቸር የተባሉት የቺካጎ ልጆች ያገለገለ ማሽን በርካሽ ገዝተው፣ ቁልፎቹን ሲያሽከረክሩ የሚወጣውን የሚያንጫጫና የሚንቦጫረቅ ድምፅ ለዲጄ ሮን ሃርዲ ወሰዱለት። ሃርዲ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ አጫወተው፤ መጀመሪያ የሸሸው ሰው በአራተኛው ጊዜ አበደ፣ ስሙንም ያወጣለት ያው ተጨፋሪው ነው። ሸክላው በ1987 ወጣ።

በነጋዴ ብልሃት ላይ ያለዎት ጥርጣሬ በደንብ የሚሠራው የሃውስ ዘመድ በሆነው በ«ቴክኖ» ላይ ነው። በ1988 እንግሊዛዊው ኒል ራሽተን በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ወጣቶችን ሥራዎች ሰብስቦ በለንደን ሊያሳትም ሲነሳ፣ ያሰበው ርእስ «የዲትሮይት የሃውስ ድምፅ» የሚል ነበር። ኋላ ግን ከወጣቶቹ አንዱ የሆነው ሁዋን አትኪንስ ለስብስቡ ያመጣው ዘፈን «ቴክኖ» የሚለውን ቃል ይዞ መጣ፤ ከቺካጎ የሚለይ ስምም ለገበያው ተስማሚ ስለነበር ርእሱ ተቀየረ። ይህ ማለት ግን ቴክኖ ባዶ ስም ነው ማለት አይደለም፤ አትኪንስ ቃሉን ቀድሞ ይጠቀምበት ነበር፣ ሙዚቃውም ከሃውስ የቀዘቀዘና የማሽን ጠባዩ የጎላ ነው። «ዲፕ ሃውስ» በመጀመሪያ የቺካጎው ሙዚቀኛ ላሪ ሄርድ በ1980ዎቹ አጋማሽ የሠራውን፣ የጃዝ ኮርድ ያለበትንና ጩኸት የሌለበትን ሙዚቃ የሚጠራ ጥሩ ስም ነበር፤ በ2010ዎቹ ግን ሻጮች ለማንኛውም ለስላሳ የጭፈራ ዘፈን ስለለጠፉት ዛሬ ብዙም አይናገርም። «ፕሮግሬሲቭ»፣ «ቴክ ሃውስ» እና የመሳሰሉት ላይ ጊዜ አላጠፋም።

አማፒያኖ በ2010ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የጥቁሮች ሰፈሮች የተወለደ ነው። እዚያ ሃውስ በ1990ዎቹ ፍጥነቱ ተቀንሶ ክዋይቶ የሚባለውን ሙዚቃ ወልዶ ስለነበር፣ አማፒያኖን የልጅ ልጅ ልንለው እንችላለን።

በጆሮ ለመለየት ከፈለጉ ከታችኛው ድምፅ፣ ከከበሮው ይጀምሩ። በሃውስ ትልቁ ከበሮ አራቱንም ምት እኩል ይመታል፣ በመካከላቸውም ጸናጽል የሚመስል ድምፅ ይገባል፤ በደቂቃ 120 ምት አካባቢ ነው። በችክችካ የለመደ ጆሮ ይህን ደረቅ ሊለው ይችላል፤ የእኛ ምት በስድስት የሚቆጠርና ለትከሻ የሚመች ሲሆን፣ የሃውስ ምት ለእግር ነው። የእንግሊዞቹ ጋራዥ በደቂቃ ወደ 130 ይጠጋል፣ ከበሮውም ሲጠብቁት ይቀራል። ፍጥነቱ ወደ 112 ወርዶ፣ የትልቁ ከበሮ ቋሚ ምት ሳስቶ፣ በምትኩ እንጨት የተመታ የሚመስል ወፍራም የቤዝ ድምፅ እየተንከባለለ ሲመጣ ከሰሙ፣ ልጆችዎ ከመናገራቸው በፊት አማፒያኖ ነው ሊሏቸው ይችላሉ።