ጉጉት ጦጣና አጉዋሄ ዘንባባ፦ የጠየቃችሁኝና መልሴ

ጉጉት ጦጣ የጦጣ ዓይነት ናት፣ አጉዋሄ ደግሞ የዘንባባ ዓይነት፤ ሁለቱም በፔሩ አማዞን፣ በኢኪቶስ ከተማ አካባቢ ይገኛሉ። «ጦጣን ከዛፍ ጋር ምን አገናኘው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ እውነት ሌሊት የምትወጣ ጦጣ አለች?
መልስ፦ አለች፤ ጉጉት ጦጣ ናት። እንዲያውም ከጦጣዎች ሁሉ ሌሊት የሚወጡት የዚህች ወገን ብቻ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሟ አኦቱስ ናንሲማኤ ነው፤ ክብደቷ 1 ኪሎ ገደማ። «አኦቱስ» በግሪክኛ ጆሮ የሌለው ማለት ነው። ጆሮስ አላት፤ ፀጉሯ ሸፍኖት ነው።

ጥያቄ፦ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሌሊት ዛፍ ላይ የምትዘል፣ ዓይነ ትልቅ ትንሽ እንስሳ አይቻለሁ። እሷ ናት?
መልስ፦ አይደለችም ወንድሜ፣ ያየሃት ጋላጎ ሳትሆን አትቀርም። የጦጣ የሩቅ ዘመድ ናት። ጋላጎ ዓይኗ ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አላት፤ በባትሪ ስታበራባት እንደ ድመት የምታበራው ለዚያ ነው። ጉጉት ጦጣ ይህ ሽፋን የላትም፤ በዓይኗ ትልቅነት ታካክሰዋለች። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ግን ብዙም አትንቀሳቀስም።

ጥያቄ፦ ዘንባባውስ የሆሣዕናው ዓይነት ነው?
መልስ፦ የሆሣዕናው ቅጠል እንደ ላባ ነው፤ የአጉዋሄ ግን እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው። ረግረግ ውስጥ ይበቅላል፣ 30 ሜትር ይደርሳል። ፍሬው የዓሣ ቅርፊት የለበሰ ይመስላል፤ ውስጡ ብርቱካናማና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ በሚቀይረው ካሮቲን የበለጸገ ነው። ኢኪቶስ ጭማቂውም አይስክሬሙም ከእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን ይወዳደራሉ?
መልስ፦ በልጅ አስተዳደግ። ጦጣዎቹ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ፤ በዓመት አንድ ልጅ ይወልዳሉ። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁን ተሸክሞ የሚዞረው አባትየው ነው፤ እናትየው አጥብታ ትመልስለታለች። አጉዋሄም እንደ ተምር ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ነው፤ ግን ሴቷ በአንድ ዘለላ በመቶዎች የሚቆጠር ፍሬ አፍርታ ትጥለዋለች፣ የበቀለ ይበቅላል።

ጥያቄ፦ የቱ ነው አደጋ ላይ ያለው?
መልስ፦ ጦጣዋ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ናት፤ ለወባ ምርምር ስለምትፈለግም ትያዛለች። እኔን የሚያበሳጨኝ ግን የዛፉ ነገር ነው። ፍሬውን ለመልቀም ግንዱን ይገነድሱታል። የሚያፈራው ሴቷ ስለሆነች የምትቆረጠውም እሷው ናት፤ ከዓመታት በኋላ ረግረጉ ላይ ወንድ ብቻ ቆሞ ይቀራል። አሁን በገመድና በመውጫ መሣሪያ ወጥተው የሚለቅሙ አሉ።

ጥያቄ፦ ጦጣዋን ቤት ማሳደግ ይቻላል?
መልስ፦ ተዋት። አንተ ልትተኛ ስትል እሷ ልትነሣ ነው።