የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተኩስ ጌም የሚወድ ልጅ ያስፈራልን?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው ሰው በሰው ላይ የሚተኩስበትን ቪዲዮ ጌም ነው። በዚህ አገር በአንድ ትምህርት ቤት ተኩስ በተሰማ ቁጥር አንዱ ባለሥልጣን ተነሥቶ ልጆቹን ያበላሻቸው ጌም ነው ይላል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ወላጆች ስንሰበሰብም ይኸው ይነሣል። ልጄ ግን «እማዬ፣ ይህ ውሸት መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል» እያለ ይከራከረኛል። ማንን ልመን?
አንዲት እናት

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ልጅዎ ከባለሥልጣናቱ ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል፤ «ተረጋግጧል» ማለቱ ግን ትንሽ በዝቷል።

ክርክሩ ከልጅዎ ቀርቶ ምናልባት ከእርስዎም ዕድሜ ይበልጣል (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1976 «ዴዝ ሬስ» የተባለ፣ በመኪና ሰው መሰል ምስሎችን እየገጩ ነጥብ የሚሰበስቡበት በሳንቲም የሚሠራ ጌም ወጥቶ አገሩን አንጫጭቶ ነበር፤ ምስሎቹ በጥቂት ነጭ መስመሮች የተሣሉ ስለነበሩ ልጅዎ ዛሬ ቢያያቸው የሚስቅ ይመስለኛል። በ1993 ሴናተር ጆሴፍ ሊበርማንና ሴናተር ኸርብ ኮል እንደ «ሞርታል ኮምባት» ያሉትን ጌሞች በሴኔቱ ፊት አቅርበው አምራቾቹን ሲያፋጥጡ፣ ኩባንያዎቹ ሕግ እስኪወጣባቸው ሳይጠብቁ በ1994 የራሳቸውን የዕድሜ ደረጃ ሰጪ ቦርድ አቋቋሙ። ጉዳዩን ወደ እያንዳንዱ ወላጅ ቤት ያስገባው ግን ኤፕሪል 20 ቀን 1999 በኮሎራዶ ግዛት፣ በኮሎምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገድለው ራሳቸውን ያጠፉበት ዕለት ነው። ሁለቱም «ዱም» የሚባለውን የተኩስ ጌም ይወዱ ነበርና፣ ያዘነው ሕዝብ ምክንያት ሲፈልግ ጣቱን ወደዚያ ቀሰረ።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን «ዱም»ን የተጫወቱት ሚሊዮኖች ናቸው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን የሚጠብቀው ሲክሬት ሰርቪስ ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ጋር ሆኖ በትምህርት ቤቶች የደረሱ 37 ጥቃቶችንና 41 ጥቃት አድራሾችን መርምሮ በ2002 ባወጣው ዘገባ፣ ለእንዲህ ያሉ ጌሞች ፍላጎት ያሳዩት ከመቶ 12 ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል፤ በራሳቸው እጅ በጻፏቸው ጽሑፎች ውስጥ ጥቃትን ያነሡት ግን ከመቶ 37 ነበሩ። ነገር ግን ግጥም የሚጽፍ ልጅ ይፈተሽ ያለ ባለሥልጣን አልሰማንም።

ታዲያ ተመራማሪዎች ለምን አይስማሙም? ትልቁ ምክንያት ጠበኝነትና የኃይል ጥቃት በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። በብዙዎቹ ሙከራዎች አንድ ተማሪ ለጥቂት ደቂቃዎች የተኩስ ጌም ከተጫወተ በኋላ፣ በሌላ ክፍል አለ በተባለ ተጋጣሚው ጆሮ ላይ የሚረብሽ ድምፅ እንዲለቅ ይፈቀድለታል፤ ድምፁን ባስጮኸና ባስረዘመ መጠን ጠበኝነቱ ጨመረ ተብሎ ይመዘገባል። በሌሎች ሙከራዎች ደግሞ የሚያቃጥል ነገር ለማይወድ ሰው ምን ያህል የሚያቃጥል ስጎ እንደሚሰጠው ይለካል። (ሚጥሚጣ ለእንግዳ በክብር በሚቀርብበት ቤት ላደገ ሰው ይህ መለኪያ ግር ማለቱ አይቀርም።) እንዲህ ያለው ልኬት ስለ አፍታ ስሜት አንድ ነገር ሊነግረን ይችላል፤ መሣሪያ ይዞ ወደ ክፍል ስለሚገባ ሰው ግን የሚነግረን ጥቂት ነው።

በዚህ መንገድ የተሠሩትንና ሌሎችንም ጥናቶች ደምረው የመረመሩት ክሬግ አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው በ2010 ከ130,000 በላይ ሰዎችን የሚሸፍን ውጤት አውጥተው፣ ጌሞቹ ጠበኛ አሳብንና ጠባይን እንደሚጨምሩ ደምድመዋል። ክሪስቶፈር ፈርጉሰን የተባሉት ተመራማሪ ደግሞ ጭማሪው እጅግ አነስተኛ እንደሆነ፣ ምንም ውጤት ያላገኙ ጥናቶችም ሳይታተሙ በየመሳቢያው ስለሚቀሩ ድምሩ እንደሚያብጥ ተከራክረዋል። በ2018 ልጆችን ለወራትና ለዓመታት የተከታተሉ 24 ጥናቶች ሲደመሩ፣ ጌሞቹን የሚያዘወትሩት ልጆች በቆይታ ወደ ድብድብ የሚያዘነብሉት በትንሹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በቀጣዩ ዓመት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጠናናቸውን አስቀድመው በይፋ አስመዝግበው፣ ዕድሜያቸው 14 እና 15 ዓመት የሆኑ አንድ ሺህ ያህል የእንግሊዝ ልጆችን ስለ ጨዋታቸው፣ ወላጆቻቸውን ደግሞ ስለ ልጆቹ ጠባይ ጠይቀው ምንም ተያያዥነት አላገኙም። በተጨማሪም ጉዳዩ በግልባጩ ሊሆን የሚችልበት ጊዜ አለ፤ ቀድሞውኑ ቶሎ የሚቆጣ ልጅ የተኩስ ጌምን ሊመርጥ ይችላልና።

ለልጅዎ «ተረጋግጧል» የሚለውን ቃል ያቀበለው የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር መግለጫ ሳይሆን አይቀርም። ማኅበሩ በ2020 አቋሙን ከልሶ ሲያወጣ፣ እንደ መጮኽና መገፋተር ካሉ ጠባዮች ጋር አነስተኛ ተያያዥነት መኖሩን ሳይክድ፣ ነፍስ የሚያጠፋ ጥቃትን ከጌም ጋር ማያያዝ ግን ሳይንሳዊ ድጋፍ እንደሌለው ገልጿል። ልጅዎ ሁለተኛውን ክፍል ይዞ የመጀመሪያውን ዘልሎታል፤ ባለሥልጣናቱ ደግሞ የመጀመሪያውን አግዝፈው ሁለተኛውን ይተዉታል።

ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የካሊፎርኒያ ግዛት ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዲህ ያሉ ጌሞች እንዳይሸጡ ያወጣውን ሕግ፣ ፍርድ ቤቱ በ2011 በ7 ለ2 ድምፅ ሽሮታል። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ፣ ሁለት ሕፃናት ያገተቻቸውን ሴት ምድጃ ውስጥ ከትተው የሚገድሉበትን የጀርመን ተረት አስታውሰው፣ ለልጆች የምንነግረው ከጥንትም ደም ያልተለየው ነው ብለዋል። የእኛም አያ ጅቦ ቢሆን ስንቱን እንደበላ የሰማነው ከመኝታችን በፊት ነው።

እኔ በበኩሌ የባለሥልጣናቱን ንግግር የማልወደው ምንም ስለማያስከፍላቸው ነው። በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ እነዚሁ ጌሞች በብዛት ይጫወታሉ፤ በጠመንጃ መገደል ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ መሣሪያ በእጅ ማስገባትም እንዲሁ።

ለእርስዎ ቤት የምመክረው ሁለት ነገር ነው። በመጀመሪያ አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀምጠው ሲጫወት ይዩት፤ ከስክሪኑ ይልቅ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማውን ያዳምጡ፤ የማያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ከሚሳደቡበት ጨዋታ መለየት የእናትነት ሥልጣንዎ ነው፤ ለዚህ የማንም ጥናት አያስፈልግዎትም። ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ሌሊቱን ሲጫወት ያደረ ልጅ በማግስቱ ቢነጫነጭ፣ ከጥይቱ በፊት የተኛበትን ሰዓት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ትንሽ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። በዲስኮቹ ሽፋን ላይ አንዳንዱ ቁጥር፣ አንዳንዱ ፊደል አለበት። ቁጥሩ የጨዋታውን ክብደት የሚያሳይ መስሎኝ ነበር፤ ሰሞኑን ግን አንድ አባት በ18 ቁጥር ምክንያት ተቆጡኝ።
ባለ ፕሌይስቴሽን ቤት

መልስ፦ አባትየው ልክ ናቸው፤ ቁጥሩ ዕድሜ ነው። 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 የሚሉት ፔጊ የተባለው የአውሮፓ ድርጅት የሚሰጣቸው ናቸው፤ የኳስ ጨዋታ ለማሸነፍ ቢያስቸግርም 3 የሚል የሚጻፍበት ለዚህ ነው። ፊደሎቹ የአሜሪካው ቦርድ ናቸው፦ «ኢ» ለሁሉም፣ «ቲ» ከ13 ዓመት ጀምሮ፣ «ኤም» ደግሞ ከ17 ዓመት ጀምሮ ማለት ነው። «ጂቲኤ 5» በአውሮፓው 18፣ በአሜሪካው «ኤም» ነው፤ «ፎርትናይት» ግን 12 እና «ቲ» ነው። ከሽፋኑ ጀርባ ደረጃው የተሰጠበት ምክንያት፣ ደም ይሁን ስድብ ወይም ቁማር፣ ባጭሩ ተጽፎ ያገኙታል። ተጫዋቾች በኢንተርኔት እርስ በርስ የሚነጋገሩትን ግን ቁጥሩም ፊደሉም አይመዝነውም፤ ማዳመጫ የሚያከራዩ ከሆነ ይህን ለወላጆች አስቀድመው ይንገሯቸው።